ከሚኒስትሩ መዝገብ እስከ ገበሬው አቤቱታ፦ የሺላ ፊዝፓትሪክ የታሪክ ሙያ

የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሩስያ ጥናት በጠቅላላው ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው፤ እኔም ሰፊ ርእስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲያልቅ አይቼ ስለማላውቅ፣ የአንዲት የታሪክ ጸሐፊን የሙያ ሕይወት ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የማወራላችሁ ስለ ፕሮፌሰር ሺላ ፊዝፓትሪክ ነው። የመረጥኳቸውም የሶቪየት ኅብረትን ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ወደ ገበሬው ደጃፍ ካወረዱት ሰዎች በግንባር ቀደምነት የሚጠሩ በመሆናቸው ብቻ አይደለም። የሙያ ሕይወታቸው እጃቸው ከገባው ወረቀት ጋር የታሰረ ነው፤ ያገኙት መዝገብ በተለወጠ ቁጥር የሚጽፉት ታሪክም ይለወጥ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ፊዝፓትሪክ በ1941 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ብራያን ፊዝፓትሪክ ራሱ የታሪክ ጸሐፊ፣ ግራ ዘመምና ለዜጎች መብት ተሟጋች ስለነበር፣ ክርክር በቤቱ እንደ እለት እንጀራ ነበር። ልጅቱ ከዚህ ቤት ይዘው የወጡት የአባትን እምነት ሳይሆን የአባትን ጥርጣሬ ይመስለኛል። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ሩስኛ ከተማሩ በኋላ በ1964 ለዶክትሬት ጥናት ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በኦክስፎርድ የሴንት አንቶኒ ኮሌጅ ገቡ።

በዚያን ጊዜ በምዕራቡ ዓለም ስለ ሶቪየት ኅብረት የሚጠናው ጥናት የታሪክ ትምህርት ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። መስኩን የያዙት በአብዛኛው የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች ነበሩ፤ ገንዘቡም ጥያቄውም ከቀዝቃዛው ጦርነት የመጣ ነበር። የገነነው አስተሳሰብ ቶታሊታሪያኒዝም የሚባለው ሲሆን፣ በዚህ አስተሳሰብ ላይ አንድ ፓርቲ፣ አንድ መሪና አንድ የስለላ ድርጅት ያዝዛሉ፣ ከታች ያለው ሕዝብ ደግሞ እንደ ሸክላ ጭቃ ይረገጣል፣ ይለወሳል። ወደ መዝገብ መግባት ስለማይቻል ጥናቱ በጋዜጣ፣ በሕግ ድንጋጌና በስደተኞች ቃል ላይ የቆመ ነበር። ብቸኛው ትልቅ ልዩ አጋጣሚ የስሞሌንስክ መዝገብ ነው፤ የዚያ አውራጃ የፓርቲ ሰነዶች በ1941 በጀርመኖች እጅ ወድቀው፣ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ደርሰው፣ የሃርቫርዱ ሜርል ፌንሶድ በ1958 ያሳተመውን መጽሐፍ ወለዱ። አንድ አውራጃ ለመላ አገሪቱ ምስክር ሆኖ የቆመበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ወጣቷ ተመራማሪ የመረጡት ርእስ አናቶሊ ሉናቻርስኪ ነው። ሉናቻርስኪ ከ1917 እስከ 1929 የሶቪየት መንግሥት የትምህርት ኮሚሳር፣ በእኛ አነጋገር የትምህርትና የጥበባት ሚኒስትር ነበር። በአብዮቱ ሰሞን የሞስኮው ክሬምሊን በመድፍ እየተደበደበ ነው፣ ጥንታዊዎቹ ቤተ ክርስቲያናትም እየፈረሱ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ሥልጣኑን እለቃለሁ ብሎ የጻፈ፣ ሌኒን ከተቆጣው በኋላም የተመለሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ከአንድ ወጥ ሥዕል ጋር አይገጥምም፤ ርእሱ የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1966 መኸር በእንግሊዝና በሶቪየት መካከል በነበረው የተማሪዎች ልውውጥ ሞስኮ ገቡ። በልውውጡ የሚሄዱ ተማሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የስለላ ወጥመድ እንዳይዛቸው ይመከሩ ነበር። ማደሪያቸው በሌኒን ኮረብታ ላይ የተገተረው የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሲሆን፣ የሚያጓጓቸው ግን ቤተ መዛግብቱ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። በሶቪየት ቤተ መዛግብት አንድ ሰነድ የሚጠራው በአራት ስም ነው፦ ፎንድ፣ ኦፒስ፣ ዴሎ፣ ሊስት። ፎንድ የመሥሪያ ቤቱ መዛግብት በሙሉ፣ ኦፒስ የመዝገቦቹ ዝርዝር፣ ዴሎ አንዱ ዶሴ፣ ሊስት የዶሴው ቅጠል ነው። ለውጭ አገር ሰው ኦፒስ አይታይም። ዝርዝሩን ሳያይ ቁጥሩን ሊጠራ አይችልም፣ ቁጥሩን ካልጠራ ደግሞ ዶሴው አይወጣለትም። መፍትሔው የሶቪየት ሊቃውንት ያሳተሟቸውን መጻሕፍት ገልጦ፣ በግርጌ ማስታወሻቸው ላይ የሰፈሩትን ቁጥሮች ለቅሞ፣ ከዚያ በመነሣት የአጠገቡን ቁጥር መገመት ነበር። ዶሴው ሲመጣ ደግሞ ከፊቱ አንድ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ያነበበው ሁሉ ስሙንና ቀኑን ይፈርምበታል። ከአንባቢው በፊት ማን እንዳየው፣ ወይም ማንም እንዳላየው፣ ከዚያች ወረቀት ይታወቃል።

ይህን ሳነብ የራሴ ገጠመኝ ትዝ አለኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የመዛግብቱን ዝርዝር እንዲያሳየኝ ብጠይቅ፣ ኃላፊው «ዝርዝር ምን ያደርግልሃል? የምትፈልገውን ንገረንና እናመጣልሃለን» አለኝ። የምፈልገውን ለማወቅ ነው ዝርዝሩን የፈለግሁት ብል ተገርሞ አየኝ። ስለዚህ የሞስኮውን ነገር ለእናንተ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ፊዝፓትሪክ በዚህ በር ሾልከው ያገኙት ነገር ያልጠበቁት ነበር። በትምህርት ኮሚሳሪያቱ ዶሴዎች ውስጥ አንድ ድምፅ ያለው መንግሥት አልነበረም። የትምህርት ባለሥልጣናቱ ልጆች ሰፊ እውቀት የሚቀስሙበት ትምህርት ቤት ይሻሉ፤ የኢንዱስትሪው ሰዎች ቶሎ ሠልጥኖ ማሽን ላይ የሚቆም ሠራተኛ ይሻሉ፤ የወጣቶች ማኅበሩ ሌላ ይላል፤ የገንዘብ ባለሥልጣናቱ ለማንም ሰባራ ሳንቲም መስጠት አይፈልጉም። ሁሉም ማርክስን ይጠቅሳሉ፣ ሁሉም ለየመሥሪያ ቤታቸው ይሟገታሉ። ቢሮክራሲ ባለበት አገር የኖረ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ በዚያን ጊዜ ግን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው ይባል የነበረውን መንግሥት ስንጥቁን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር።

ከዶሴው ባሻገር አንድ ሰው አገኙ። ኢጎር ሳትስ የሉናቻርስኪ የሚስቱ ወንድምና የቀድሞ ጸሐፊው ነበር፤ በእርስ በርሱ ጦርነት በቀዩ ጦር በኩል ተዋግቷል። በስድሳዎቹ ደግሞ በአሌክሳንድር ትቫርዶቭስኪ ይመራ በነበረው «ኖቪ ሚር» መጽሔት የአዘጋጅ ቦርዱ አባል ሆኖ ይሠራ ነበር። መጽሔቱ በ1962 የሶልዠኒትሲንን የእስር ቤት ታሪክ ለማተም የደፈረው ነው። ሽማግሌው ለወጣቷ ተማሪ እንደ ሁለተኛ አባት ሆነ፤ የገዛ አባታቸውም በ1965፣ እሳቸው በባሕር ማዶ ሳሉ፣ አርፎ ነበር። ሳትስ አብዮቱን የሚወድ፣ አብዮቱ የወለዳቸውን ባለሥልጣናት ግን የሚንቅ ሰው ነበር። ፊዝፓትሪክ በሶቪየት ሰው ውስጥ እምነትና ንቀት አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሱ ማእድ ነው።

ከዚያ በኋላ አስቂኝም አስፈሪም ነገር ደረሰ። በ1968 «ሶቬትስካያ ሮሲያ» የተባለው ጋዜጣ የምዕራብ አጥኚዎችን ሲያወግዝ፣ «ፊዝፓትሪክ» የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊን ከሰላይ በማይለይ ቋንቋ ከሰሰ። ጋዜጠኛው ጸሐፊው ወንድ መስሎታል። ፊዝፓትሪክ በዚያ ወቅት በሞስኮ የተመዘገቡት በመጀመሪያ ባላቸው ስም ስለነበር፣ የተወገዘው «ሰውዬ» ያቺ በቤተ መዛግብት ጥግ ተቀምጣ የምትጽፍ ልጅ መሆኗን ማንም አላያያዘውም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የዚያን ዘመን ትዝታቸውን ሲያሳትሙ «በቤተ መዛግብት ውስጥ ያለች ሰላይ» የሚል ርእስ ሰጡት። ስላቅ ብቻ አይደለም። አገር የሸሸገውን ወረቀት ፍለጋ የሚሄድ የታሪክ ሰው ከሰላይ በምን እንደሚለይ ለሶቪየት ሹማምንት ግልጽ አልነበረም፤ ልዩነቱን በቀላሉ ማስረዳትም ከባድ ነው።

ዶክትሬታቸውን በ1969 ጨርሰው፣ ስለ ትምህርት ኮሚሳሪያቱ የጻፉትን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1970 አሳተሙ። ቀጥሎ በእንግሊዝና በአሜሪካ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ከሠሩ በኋላ በ1980 በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1990 ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረው እስከ 2012 ቆዩ። የሥራ ቦታዎቹን ዝርዝር በዚሁ ልተወው፤ ስለ ሰው ሙያ ከቅጥር ደብዳቤ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ዋናው የ1979ኙ መጽሐፍ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ በስታሊን ዘመን ማን ተጠቀመ? በመጀመሪያው የአምስት ዓመት እቅድ ጊዜ ከፋብሪካና ከፓርቲ ሥራ ተመልምለው ወደ ከፍተኛ ትምህርት የተላኩት ሰዎች ከ100,000 በላይ ናቸው። ሩስያውያን «ቪድቪዠንትሲ» ይሏቸዋል፤ ከታች የተነሡ እንበላቸው። ኒኪታ ክሩሽቾቭ በ1929 በሞስኮ ኢንዱስትሪ አካዳሚ ገባ። ሊዮኒድ ብሬዥኔቭ በ1935 በብረታ ብረት ምሕንድስና ተመረቀ። አሌክሲ ኮሲጊን በዚያው ዓመት ከሌኒንግራድ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ወጣ። በ1937 እና በ1938 የድሮዎቹ አለቆች ሲታሰሩና ሲገደሉ፣ የተመረቁት ወንበሩ ላይ ወጡ፤ አገሪቱንም እስከ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ገዙ። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች አብዮቱ ከሐዲ አልነበረም፣ ቃሉን ጠብቆላቸዋል። ሥርዓቱ በፍርሃት ብቻ ሳይሆን በውለታም ቆሟል የሚለው ይህ አባባል በወቅቱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል።

ቁጣው በ1986 «ራሽያን ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ በግልጽ ፈነዳ። ፊዝፓትሪክ ስለ ስታሊን ዘመን አዳዲስ አመለካከቶች የሚያወሳ ጽሑፍ አቀረቡ፤ አዲሱ ትውልድ ከመንግሥት ይልቅ ኅብረተሰቡን፣ ከትእዛዙ ይልቅ የታዘዘውን ሰው እንዲያጠና ጠየቁ። እነ ስቲቨን ኮኸንና ፒተር ኬኔዝ በሰጡት መልስ ዋናው ክስ አንድ ነው፦ መንግሥትንና ሽብርን ያወጣችሁበት የስታሊን ታሪክ ምን ታሪክ ነው? የዚህ አዲስ ጎራ ሰዎች «ሪቪዥኒስት» ተባሉ። ቃሉ በአማርኛ ሲመጣ «ከላሽ» መሆኑን ከታላላቆቻችን መካከል የማያስታውስ የለም፤ በእኛ የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ከላሽ ተብሎ መሰደብ ቀላል ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም ስድብነቱ አልቀረም፤ ቅጣቱ ግን የመጽሐፍ ትችት ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ የራሴን አቋም አልደብቅም። ከተቺዎቹ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ወደ ላይ የወጣው ሰው የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማኅደሩ ውስጥ ይገኛል፤ የተገደለው ሰው ግን ከአንድ ገጽ ፍርድ በቀር የሚተወው ጥቂት ነው። በ1937 እና በ1938 ብቻ በፖለቲካ ክስ ሞት የተፈረደባቸው 681,692 ሰዎች መሆናቸውን የፖሊሱ የራሱ መዝገብ ይናገራል፤ ይህ ቁጥር በ1979 ለማንም ተመራማሪ አልተገለጠም ነበር። ወረቀትን የሚከተል ታሪክ ወረቀት ወደሌለው ሰው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ይሁን እንጂ ፊዝፓትሪክ ሽብሩን ክደዋል የሚለውን ክስ አልቀበልም፤ ያሉት ሽብሩ ባለበት አገር ሌላም ነገር ይኖር ነበር ነው።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ኦፒሱ ተከፈተ። ሃምሳኛ ዓመታቸውን የያዙት ፊዝፓትሪክ እንደ አዲስ ተማሪ ንባብ ክፍል ገቡ፤ ያገኙት ግን የፖሊት ቢሮ ምስጢር ሳይሆን ደብዳቤ ነበር። የሶቪየት ሰው ይጽፋል። ለጋዜጣ፣ ለስታሊን፣ በስም ርእሰ ብሔር ለነበረው ለካሊኒን፣ ለአቃቤ ሕግ ይጽፋል። ግማሹ አቤቱታ ነው፤ ግማሹ ጥቆማ ነው፤ ብዙው ሁለቱም ነው። «ክሬስትያንስካያ ጋዜታ» ለተባለው የገበሬዎች ጋዜጣ በ1938 የጎረፉት ደብዳቤዎች አልጠፉም፤ የሕብረት እርሻው ሊቀ መንበር እህል ሰረቀ፣ ፈረስ ገደለ፣ ሚስቴን ሰደበ፣ የቀድሞ ሀብታም ገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ ማንነቱን ደብቋል የሚሉ ናቸው። ጠቋሚው አንዳንዴ እውነት ተበድሎ ነው፤ አንዳንዴ የጎረቤቱን ላም ፈልጎ ነው። መንግሥት ጥቆማውን ለራሱ ጥቅም ፈለገው፣ ገበሬውም መንግሥትን ለራሱ ጠብ ተጠቀመበት። ጥቆማና ጠቋሚ የሚሉት ቃላት ምን ምን እንደሚያስታውሱ ለዚህ አዳራሽ መተርጎም አያስፈልገኝም።

ከእነዚህ ወረቀቶች በ1994 ስለ ስታሊን ዘመን ገበሬዎች የሚናገረው መጽሐፍ ወጣ። እዚያ ውስጥ ከማልረሳቸው አንዱ የገበሬዎቹ ቅኔ ነው። የኮሙኒስት ፓርቲው ስም በሩስኛ በምሕጻረ ቃል «ቪ ኬ ፒ» ይባል ነበር። ገበሬዎቹ እነዚያኑ ሦስት ፊደላት ይዘው «ፍቶሮዬ ክሬፖስትኖዬ ፕራቮ» ብለው ፈቱት፤ ሁለተኛው የገባርነት ሥርዓት ማለት ነው። የሩስያ ገባር ከመሬቱ ጋር የሚሸጥ የነበረ፣ በ1861 ብቻ ነፃ የወጣ መሆኑን ልብ ይሏል። ፓርቲው የራሱን ስም በየግድግዳው ሲለጥፍ ገበሬው ወርቁን ያነባል። በታኅሣሥ 1932 የአገር ውስጥ ፓስፖርት ታውጆ ለገበሬው ሳይሰጥ ሲቀር ደግሞ፣ ቅኔው ቀልድነቱ ቀነሰ። በየመንደሩ የሚናፈሰው ወሬም አለ፦ የሐሳዊ መሲሕ ዘመን ደርሷል፣ በሕብረት እርሻ መላው መንደር በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሊተኛ ነው። የፖሊስ መረጃ ሰብሳቢ ወሬውን ጽፎ ለአለቃው ልኮታል፤ ሊያጠፋው የፈለገውን ነገር ለታሪክ ያስቀመጠው እሱ ነው።

ሌላው በ1937 በየወረዳው የተካሄዱት የአደባባይ ችሎቶች ናቸው። የሞስኮዎቹ ታላላቅ ችሎቶች ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው፤ በገጠር ግን ገበሬዎች ቆመው የገዛ ወረዳ ሹሞቻቸውን ይከስሱ ነበር። እህላችንን ቀማን፣ ደበደበን፣ አስራበን ይላሉ። ክሱ አብዛኛው እውነት ነው፤ ያ ሁሉ የተደረገው ግን ከላይ በመጣ ትእዛዝ መሆኑን ማንም አያነሣም። ፊዝፓትሪክ ስለዚህ ለጻፉት ጽሑፍ ርእሱን ከአንድ ጥንታዊ የሩስያ ሕዝባዊ ሥዕል ወሰዱ፦ «አይጦቹ ድመቱን እንዴት እንደቀበሩ»። በሥዕሉ ላይ አይጦች ድመቱን ጠፍረው በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ይዘውት ይሄዳሉ። ከመላው ሥራቸው አንድ ብቻ እንዳስቀር ብገደድ የማስቀረው ይህችን ጽሑፍ ነው።

እኛ አገር የሶቪየት ታሪክ በአማርኛ የተነበበው በአብዛኛው በሞስኮ የፕሮግረስ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ በመጣው ቅጂ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም እዚያው ሄደው ተምረዋል። ያ መጽሐፍ የሕብረት እርሻውን በትራክተር ሥዕል ያሳየናል፤ የብርድ ልብሱን ወሬ አይነግረንም። የምዕራቡ የቀዝቃዛ ጦርነት መጽሐፍም አይነግረንም፤ ለሱ ገበሬው ከመሞት በቀር ሥራ የለውምና። ሁለቱ ጠላት መጻሕፍት ገበሬውን ዝም በማሰኘት ይስማማሉ።

በ1999 የወጣው ስለ ከተማ ኑሮ የሚተርከው መጽሐፋቸው ሰልፉን፣ አንዱን ማድ ቤት የሚጋሩ ቤተሰቦችን፣ በትውውቅ የሚገኝ ጫማን ይዞ ይመጣል። በዚያው ወቅት አዲስ ተቺዎች ተነሥተዋል፤ ስለ ማግኒቶጎርስክ የብረት ከተማ በ1995 የጻፈው ስቲቨን ኮትኪን ሰዉ ከጥቅሙ ባሻገር በሥርዓቱ ቋንቋ ራሱን ይፈጥር ነበር ብሎ ተከራከረ። ፊዝፓትሪክ በ2005 በማንነትና በአስመሳይነት ላይ ያወጡት የጽሑፎች ስብስብ ለዚህ ትውልድ የተሰጠ መልስም ነው፦ ሰው የተሰጠውን የመደብ ስም እንደ ልብስ ይለብሳል፣ ልብሱም አንዳንዴ ከሥጋው ይጣበቃል።

በ2012 ወደ አውስትራሊያ ተመልሰው በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ቀጠሉ። የመጨረሻው የሥራቸው ምዕራፍ የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1989 በአንድ አውሮፕላን ላይ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው የማያውቁት መንገደኛ ሚካኤል ዳኖስ ይባላል፤ በሪጋ ያደገ፣ ጦርነቱ ወደ ጀርመን የጣለው፣ በኋላም በአሜሪካ የፊዚክስ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። ተጋቡ። በ1999 ባላቸው ሞተ። ትቶት ያለፈው የወጣትነት ማስታወሻና ከእናቱ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ እጃቸው ገባ፤ ፊዝፓትሪክም የሶቪየት ማኅደሮችን ባነበቡበት ዐይን የባላቸውን ማስታወሻ አነበቡት፣ ከሌሎች ሰነዶች ጋር አስተያዩት፣ በ2017 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ የሚያጠኑት ከጦርነቱ በኋላ አገር አልባ ሆነው በየካምፑ የቆዩትን፣ አውስትራሊያም ለመግባት የትውልድ ቦታቸውን በቅጽ ላይ የቀየሩትን ሰዎች ነው። እነዚያ ቅጾች በካንቤራ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ዝርዝራቸውም ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል።